ከአንድ ሻጭ ብዙ ዕቃ ስንገዛ

አክስቴ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በ2025 ከፋሲካ በኋላ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ስለ ደረሰ፣ ለሙሽራዋ የቡና ዕቃ ሊሰጧት አሰቡ። ታናሹ የልጅ ልጅ ስልኩን ከፈተና በአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ሻጭ ዘንድ ሦስት ነገር አገኘላቸው። ረከቦት በ60 ዶላር፣ ስኒ በ35 ዶላር፣ ሁለት ነጠላ በ45 ዶላር። የሻጩ አገር ሩቅ ስለሆነ ለእያንዳንዱ መላኪያ 18 ዶላር ይጠየቅ ነበር።

«ከአንድ ቤት ለሚወጣ ዕቃ ሦስት ጊዜ መላኪያ ምን ያስከፍላል?» አሉ አክስቴ። እውነታቸውን ነው። ልጁ ለሻጩ ጻፈለት፤ ሻጩም ወዲያው መለሰ። «ሁሉንም በአንድ ካርቶን አደርገዋለሁ፤ መላኪያው 25 ዶላር ብቻ ይሆናል። ሦስቱን ትእዛዝ ሰርዙና ገንዘቡን በቀጥታ ለእኔ ላኩልኝ» አለ። ልጁም ሰረዘ፤ 165 ዶላሩን በፔይፓል «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ ላከ። ሻጩ እንዲህ አድርግ ስላለው ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ነጠላ መጡ። ረከቦቱም ስኒውም የሉም። ሻጩ መጀመሪያ «በመንገድ ላይ ነው» አለ፤ ኋላ ዝም አለ። ለገበያው ሲጻፍለት የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ እኛ ዘንድ የሚታየው የተሰረዙ ሦስት ትእዛዞች ነው፣ የተከፈለ ነገር የለም። ፔይፓልም ለወዳጅ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም አለ።

አክስቴ ወረቀቱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። አስተማሪ ስለሆንሁ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በሬም ይገዙ ነበር። እማኝ ሳይቆም ብሩን ከቋጠሩበት አይፈቱም። በሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ሻጩ «አልተቀበልሁም» ቢል፣ እማኙ «እኔ ፊት ተቆጥሯል» ይላል። የኢንተርኔት ገበያም ሥራው ይኸው ነው። ዋጋውን ያያል፣ ስለ ዕቃው የተጻፈውን ያስቀምጣል፣ የተከፈለበትን ቀን ይመዘግባል። አክስቴ የሻጩን ቅናሽ መጠየቃቸው ጥፋት አይደለም፤ በጎንደር ገበያም ከአንድ ነጋዴ ብዙ የገዛ ምራቂ ይጠይቃል። ጥፋቱ ለቅናሹ ሲባል እማኙ ከመካከል መውጣቱ ነው።

ታዲያ ዕቃን አጣምሮ መግዛት በገበያው ውስጥም ይቻላል። ኢቤይን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከአንድ ሻጭ የምትፈልጓቸውን ዕቃዎች ሁሉ ሳትከፍሉ ወደ ዘንቢሉ ታስገባላችሁ። ሻጩ ለብዙ ዕቃ የመላኪያ ቅናሽ አዘጋጅቶ ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ይቀንሳል። ካላዘጋጀ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጠቅላላ ሒሳብ እንዲልክላችሁ በዚያው በገበያው በኩል መጠየቅ አለ፤ ሻጩ መላኪያውን አስተካክሎ አንድ ሒሳብ ይልካል፣ እናንተም እዚያው ትከፍላላችሁ። ሦስቱ ዕቃዎች በአንድ ሒሳብ ቢሆኑም እያንዳንዱ በየስሙና በየዋጋው ተመዝግቦ ይቀራል። አንዱ ቢጎድል ስለዚያው ስለ አንዱ መጠየቅ ይቻላል።

አንዳንድ ዕቃ ወዲያው ካልተከፈለበት አይሸጥም፤ ሒሳብ እስኪጣመር አይጠብቅም። ያን ጊዜ እኔ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው፦ ሙሉውን መላኪያ ክፈሉ፣ ሻጩ ትርፉን በገበያው በኩል ይመልስላችሁ። ሻጭ ከተከፈለው ላይ የተወሰነውን ብቻ መመለስ ይችላል። አስቀድማችሁ «በአንድ ካርቶን ብትልክ ስንት ትመልሳለህ?» ብላችሁ በገበያው የመልእክት ሳጥን ጠይቁት፣ እዚያው ይመልስ። ቢዋሽ የምታጡት የመላኪያውን ትርፍ ነው፤ ዕቃችሁ እንደሆነ በጥበቃው ሥር ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ይህን ነው። ሻጩ ከገበያው ሳይወጣ «ለእርስዎ ብቻ» ብሎ አዲስ ማስታወቂያ ይከፍትና አንድ ፎቶግራፍ ለጥፎ፣ «በተስማማነው መሠረት፣ 165 ዶላር» ብሎ ይጽፋል። የሚከፈለው በገበያው ስለሆነ ሰው ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ክርክር ሲነሣ ገበያው የሚያመሳክረው በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ጋር ነው። ረከቦት የሚል ቃል በዚያ ላይ ከሌለ፣ ረከቦት ጎደለብኝ ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከቀረበላችሁ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ብዛት፣ መጠንና ፎቶግራፍ እስኪገባበት ድረስ አትክፈሉ።

ዕቃው ሲመጣ ደግሞ አንድ ካርቶን አንድ የመከታተያ ቁጥር ነው የሚኖረው። ካርቶኑ ደጃፋችሁ ከደረሰ ቁጥሩ «ደርሷል» ይላል፤ ውስጡ ሦስት ይሁን አንድ ቁጥሩ አያውቅም። ስለዚህ ካርቶኑ ሲከፈት ከልጆቹ አንዱ በስልክ ቪዲዮ ያንሳ። በአሊኤክስፕረስ የመሰለ ገበያ ደግሞ ገዢው «ተቀብያለሁ» እስኪል ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ገንዘቡ ተይዞ ይቆያል። ሁሉን ሳትቆጥሩ ያቺን ቁልፍ አትንኩ፤ ልጆችም በችኮላ እንዳይነኳት ንገሯቸው።

ቀኑንም ቁጠሩ። በኢቤይ ያልመጣ ወይም እንደተጻፈው ያልሆነ ዕቃ የሚጠየቀው ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ለሻጩ ይቀርባል፤ በ3 የሥራ ቀን ካልፈታው ኢቤይ እንዲገባበት ይጠየቃል። በፔይፓል «ለዕቃና ለአገልግሎት» በሚለው የተከፈለ ከሆነ ክርክር ለመክፈት ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለ። ገበያው እንቢ ቢል በአሽራይ የከፈለ ሰው ወደ አሽራዩ ኩባንያ ደውሎ «ሃክሃሻት ኢስካ» የሚሉትን መጠየቅ ይችላል። «ትንሽ ታገሱ፣ ነገ እልካለሁ» የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ቀን እንዲያልፍ ነው። ትሕትና ሌላ፣ ቀን ማሳለፍ ሌላ።

አሁን ወደ አክስቴ ሒሳብ ልመለስ፤ አስተማሪ ነኝና ቁጥር ሳልቆጥር አላልፍም። መላኪያው ከ54 ወደ 25 ሲወርድ 29 ዶላር ተረፈ ተባለ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ከውጭ ለሚመጣ የግል ዕቃ ማዓም የማይከፈልበት ጣሪያ 75 ዶላር ነበር። 60፣ 35 እና 45 ለየብቻ ቢታዘዙ ሁሉም ከጣሪያው በታች ናቸው። በአንድ ካርቶን ግን ዕቃው 140 ዶላር ይሆናል፤ ማዓሙም መላኪያውን ጨምሮ በጠቅላላው ላይ ይታሰባል። ከ165 ዶላር 18 በመቶው 29 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። ሻጩ ታማኝ ቢሆን ኖሮም ቁጠባው እዚያው ይበላ ነበር፤ አስተላላፊው ለማስለቀቂያ የሚጠይቀው ሳይጨመር። ጣሪያው በመንግሥት ውሳኔ ከፍና ዝቅ ስለሚል ከማዘዛችሁ በፊት የዕለቱን ጠይቁ። «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ እጽፍላችኋለሁ» ለሚል ሻጭ እሺ አትበሉ። ሐሰት መሆኑ ሳያንስ፣ ዕቃው ቢጠፋ ካሣ የሚታሰበው በተጻፈው ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ እዚሁ እስራኤል ያለ ነጋዴ ከሆነ ሌላ መከታ አለ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሰ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይፈቅዳል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከገቡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ከሻጩ ጋር በስልክም ሆነ በጽሑፍ ንግግር የነበረበት ግዢ ከሆነ አራት ወር አላቸው። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ነጋዴው ሊያስቀር የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። እንደ ምግብ ያለ ቶሎ የሚበላሽ ወይም በልክ የተሠራ ዕቃ ግን በዚህ አይገባም። እዚህም ቢሆን ብዙ ዕቃ በአንድ ደረሰኝ ስትገዙ የየዕቃው ዋጋ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። አለዚያ አንዱን መልሳችሁ ሌላውን ልታስቀሩ ስትሉ ጭቅጭቅ ይነሣል።

ለሠርጉ ረከቦት ከጎረቤት ተዋሱ። አንዷ የወለቃ ሰው ሴት ይህን ሰምታ ሣቀች፤ «እናቶቻችን በእጃቸው ጭቃ አቡክተው ጀበና ይሠሩ ነበር፣ ዛሬ ዕቃውን ከባሕር ማዶ እንጠብቃለን» አለች።

አክስቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ባለፈው ለሁለተኛዋ የልጅ ልጅ ከሌላ ሻጭ ረከቦትና ስኒ ሲያዙ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ሰርዝ ካለህ እኔን ጥራኝ» አሉት። ሻጩ ሰርዝ አላለም። ሁለቱን መላኪያ ሙሉውን ከፈሉ፤ ዕቃው በአንድ ካርቶን መጣ፤ በሦስተኛው ቀን 11 ዶላር ተመለሰላቸው። ስኒዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ቪዲዮው መነሣቱን ጠይቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቡና ያፈሉት።