ነዳጅ የሚባክንበትን ቦታ የሞተሩ ኮምፒውተር ይናገራል፦ ከአጋሮ እስከ ግቤ

በጅማ ዞን የቡና ለቀማ ሲደርስ መኪና ዕረፍት የለውም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ ቀበሌዎች ጭነት ይዞ የሚወጣ አሮጌ ፒክአፕ ዳገት ላይ ሲያቃስት ባለቤቱ የሚያስበው ስለ መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ነዳጁም ጭምር ነው። «ቤንዚን ትበላለች» የሚለው አቤቱታ ጋራዥ ሲደርስ መልሱ ብዙ ጊዜ መለወጥ ነው፦ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ኦክስጅን ሴንሰር፣ በመጨረሻም የነዳጅ ፖምፓ። ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን በሳምንቱ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከመለወጥ በፊት ማንበብ የሚቻልበት መንገድ አለ። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪናዎች መሪው ሥር 16 ፒን ያለው ሶኬት ይገኛል። ይህን ሶኬት የግድ ያደረገው የአየር ብክለት ነው፤ በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪናዎች ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች የሞተሩን መረጃ ለመርማሪ እንዲከፍቱ ተገድደዋል። ዛሬ በሶኬቱ ላይ የሚሰካ አነስተኛ ማንበቢያ መረጃውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል፤ ስልኩም ጉዞውን በሙሉ ይመዘግባል።

ሁሉም መኪና ግን አይነበብም። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ የቆየ አይሱዙ ኮምፒውተር የለውም። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎችም ሶኬቱ እያላቸው ለርካሽ ማንበቢያ መልስ አይሰጡም። ከዚህ በታች ያለው ሐተታ ኢንጀክሽን ስላላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነው።

ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በሴንሰር ለክቶ ኢንጀክተሮቹን ይከፍታል፤ ከዚያም ማርሚታው መስመር ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ውጤቱን መልሶ ይነግረዋል። አየር ከተረፈ ነዳጅ ይጨምራል፤ ነዳጅ ከበዛ ይቀንሳል። የጨመረውንና የቀነሰውን በመቶኛ ይይዛል። አንደኛው ቁጥር የቅጽበቱ ማስተካከያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በቀናት ጉዞ የተማረው የቆየ ማስተካከያ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከዜሮ በላይም ሆነ በታች እስከ 5 በመቶ ቢዋዥቁ ጤና ነው። ከ10 በመቶ ሲያልፉ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ቡና የሚያደርቅ ገበሬ አልጋው ላይ ያለውን ፍሬ አንድ ጊዜ ዳስሶ «ደርቋል» አይልም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ክሩስኮት ላይ የምትበራው መብራት «ፒ0171» የሚል ኮድ ብታስነብብ የምትለው አየር በዛ፣ ነዳጅ አነሰ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ የሚናገረው የጉዞው መዝገብ ነው። ማስተካከያው መኪናው ቆሞ ሲሠራ ለምሳሌ ወደ 20 በመቶ ወጥቶ፣ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ከአየር መለኪያው በኋላ በተሰነጠቀ ጎማ ወይም በላላ ጓርኒሲዮን በኩል ያልተለካ አየር እየገባ እንደሆነ ይጠረጠራል፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ድርሻዋ ያንሳልና። የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ ማለትም ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ማስተካከያው ሲያሻቅብ፣ ጥርጣሬው ወደ ደከመ ፖምፓ፣ ወደ ተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም አቧራ ወደ ያዘው የአየር መለኪያ ይዞራል። አንደኛው በጥቂት ብር ጎማ የሚድን ነው፤ ሁለተኛው ፖምፓ እስከ መግዛት ሊያደርስ ይችላል። በሁለቱም ላይ ኦክስጅን ሴንሰር መቀየር መልእክተኛውን እንደ መቅጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የውኃውን ሙቀት ማየት ይበጃል። መኪና «እንዳይግል» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የሚጣልበት ልማድ በአገራችን ጋራዦች የተለመደ ነው። ጤነኛ ሞተር በጉዞ ላይ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። ቴርሞስታት የሌለው መኪና በጅማ ዝናባማ ማለዳ ረጅም መንገድ ተጉዞም 60ዎቹ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ነዳጅ ያበዛለታል። ብክነቱ ሴንሰር በመቀየር አይጠፋም፤ የተጣለውን ዕቃ መልሶ በማስገባት እንጂ።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በጅማ ወደ 82 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ቢረገጥም ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መኪና መዝገብ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ የነበረው ግፊት ከወልቂጤ አልፎ ግቤ ድልድይ ሲወርድ ወደ 89 ይጠጋል፤ በአበልቲ በኩል ሲወጣ እንደገና ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ይህን ለውጥ ተከትሎ ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል። በካርቡራቶር ዘመን መካኒክ በጅግለር ይሠራው የነበረው ሥራ ይህ ነበር። «ለደጋ አየር» ተብሎ ለሚሸጥ የኮምፒውተር ማስተካከያ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል፤ የሌለን አየር የሚፈጥር ፕሮግራም የለም።

የእሳቱ ጊዜ የተለየ ትኩረት ይሻል። ካንዴላው የሚተኩሰው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪዎች ቀደም ብሎ ነው። ነዳጁ ከእሳቱ በፊት ወይም ያለ ሥርዓት ከፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፤ የማንኳኳት ሴንሰሩ ይሰማና ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገየዋል። ሞተሩ ይድናል፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም አብልጦ ይረግጣል፤ ነዳጁም ያልቃል። በነዳጅ እጥረት ወቅት በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚገዛ ቤንዚን ኬሮሲን ከተቀላቀለበት ይህን ያስከትላል፤ ኬሮሲን የቤንዚንን የማንኳኳት መቋቋም ያዳክማልና። ማስረጃውም ከመዝገቡ ይገኛል፦ ያው ዳገት፣ ያው ጭነትና ያው ማርሽ ሆኖ በማደያ ቤንዚን 25 ዲግሪ የነበረው የእሳት ጊዜ በጀሪካኑ ቤንዚን 15 ቢወርድ ጥፋቱ ከመኪናው ላይ አይደለም። ርካሽ ሆኖ የተገዛው ሊትር በስንት ኪሎ ሜትር እንደተከፈለ ማስላት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የኮምፒውተሩን ሠንጠረዥ በመለወጥ እሳቱን የሚያስቀድሙ ባለሙያዎች አሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም፤ ስለዚህ ለጅማ የተሠራ ማስተካከያ በከተማው ውስጥ ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያው መኪና በመቱና በጎሬ በኩል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ጋምቤላ ጭነት ይዞ ሲወርድ ግን ወፍራም አየርና ሙቀት ይጠብቁታል። የሚወጋው ያን ጊዜ ፒስተኑ ነው። መዝገብ ሳያይ ሠንጠረዥ የሚነካ ሰው ሥራውን በግምት እየሠራ ነውና ቁልፉን ባይሰጡት ይመረጣል።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። ርካሽ ማንበቢያ በሰከንድ ጥቂት ንባቦችን ብቻ ስለሚወስድ ሁሉንም ከመምረጥ ስድስቱን መያዝ ይሻላል፦ የሞተር ዙር፣ የውኃ ሙቀት፣ የገባው አየር መጠን ወይም ግፊቱ፣ ሁለቱ የነዳጅ ማስተካከያዎችና የእሳት ጊዜ። ሞተሩ ሲነሣ ከነቅዝቃዜው መጀመር፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማስነሣት፣ ከዚያም አንድ የታወቀ ዳገት መውጣት ይበቃል። ስልኩን የሚይዘው ግን አሽከርካሪው ሳይሆን አብሮት ያለ ሰው ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ከጋራዥ በር ላይ ሊታሰብ ይገባል። መብራቷን ለማጥፋት ባትሪ ነቅሎ መመለስ የብዙዎች አቋራጭ ነው። በዚህ ጊዜ በብዙ መኪናዎች ኮዱ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ በቀናት የተማረው ማስተካከያም አብሮ ይጠፋል፤ መካኒኩም የሚያነበው ባዶ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ኮዱና ቁጥሮቹ በስልክ ይቀመጡ፤ ከጥገናው በኋላም ያው ዳገት ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ እንደገና ተመዝግቦ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር።