ጂንካ፦ ዳገቱ ከደጅ፣ ሐይቁ ከሩቅ

ተራራ እያየ ሐይቅ ዳር መሮጥ የሚወድ ሰው ደቡብ ኦሞ ሲደርስ ሁለቱንም ያገኛል፤ አንድ ላይ ግን አያገኛቸውም። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,490 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአሪ ተራሮች ግርጌ ተቀምጣለች። የኦሞ ወንዝ የሚገባበት ቱርካና ሐይቅ ደግሞ ከ400 ሜትር በታች ነው። በመካከላቸው ያለው ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አየሩንም አፈሩንም የሰዉንም አኗኗር ይለውጣል።

ቱርካና በዓለም ላይ በረሃ ውስጥ ካሉ ቋሚ ሐይቆች ትልቁ ነው። አብዛኛው የኬንያ ሲሆን ኢትዮጵያን የሚነካው በሰሜናዊ ጫፉ፣ በዳሰነች ምድር ነው። ከኦሞራቴ ከተማ ወደ ታች አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንኳን መሮጥ መራመድም ይከብዳል። አዞም አለ። ዳርቻው ራሱ ቦታውን ይቀያይራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኦሞ ሙላትና የሐይቁ መስፋፋት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ቤተሰብ ጎጆውንና ግጦሹን ውኃ በወሰደበት ስፍራ የመዝናኛ ሩጫ መስመር ፍለጋ መሄድ ተገቢ አይሆንም። በምሥራቅ በኩል ያለው ጨው ባሕርም ስሙ ባሕር ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ደረቅ፣ ጨዋማ ሜዳ ነው።

ስለዚህ ሯጩ ፊቱን ወደ ጂንካ ይመልሳል።

ከተማዋ ለእግር የተመቸች ናት። በመሃሏ የነበረው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመታት አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ሁሉ የሕዝብ ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ መንገደኛ ያቋርጠው ነበር። ዛሬ በረራው ወደ ባኮ አውሮፕላን ማረፊያ ተዛውሯል። ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀና ሲባል ኮረብታው ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይታያል። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ለጀማሪ ተስማሚ ዳገት ነው፤ ርዝመቱ አያስፈራም፣ ከላይ ሲደረስ ጂንካ ከነቆርቆሮ ጣሪያዋ ከእግር ሥር ትዘረጋለች። እግረ መንገዱን ሙዚየሙን መጎብኘት የፈለገ ሰው የሐመርን፣ የሙርሲን፣ የአሪን፣ የበናንና የሌሎችንም ሕዝቦች የዕለት ተዕለት ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኛል።

ረዘም ያለ ሩጫ የሚሻ ወደ አሪ መንደሮች ይወጣል። እንሰት፣ ቡናና በቆሎ የለበሱ ኮረብታዎች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ዳገቱ ሲያልቅ ሌላ ዳገት ይጠብቃል። የጂንካ እውነተኛ ሀብት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በካኮ በኩል ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ የሚወስደው ዋና መንገድም ወጣ ገባ ነው፤ ነገር ግን መኪናና ሞተር ብስክሌት ስለሚበዛበት፣ በተለይ የቀይ አፈር ገበያ በሚቆምበት ሐሙስ፣ ለሯጭ አይመከርም። ወደ ማጎ የሚወርደው መንገድ እይታው ልብ ይሰርቃል። ሯጩ ግን ፓርኩ ሳይደርስ መመለስ አለበት። 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ጎሽ ያለበት፣ የቆላ ዝንብ የሚነድፍበት ዱር ነው። ወደዚያ የወረደ ሁሉ ያንኑ ያህል መውጣት እንዳለበትም አይርሳ።

ዳገትና ቁልቁለት በሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ዳገት ሲወጣ እግር መሬትን የሚመታበት ኃይል ይቀንሳል፤ ልብና ሳንባ ግን በዝግታ ሩጫም ጠንክረው ይሠራሉ። በመሆኑም አጭር ዳገት ደጋግሞ መውጣት ጉልበት ሳይጎዳ አቅም ይገነባል። ቁልቁለቱ ለትንፋሽ ይቀላል፤ ችግሩ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መያዙ ነው። ከሩጫው በኋላ በማግስቱና በሠልስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ፣ በጥቂት ርቀት የጀመረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንስለታል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በጂንካ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ16 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ታዋቂ ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር ያለውን ነው፤ እንጦጦና ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ጂንካ ከእነዚህ ዝቅ ስለምትል ከቆላ የመጣ እንግዳ ሳይጨነቅ ይለምዳታል፤ ከአዲስ አበባ የሄደ ደግሞ እግሩ ቀልሎት ይገረማል።

ሐይቅና ተራራ የሚገናኙት ከጂንካ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አርባ ምንጭ ላይ ነው። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። በሁለቱ መካከል ያለው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለዳገት ልምምድ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሴቻ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው አባያንና ጫሞን በአንድ እይታ ያገኛል። አባያ ከተራራ በሚታጠብ ደለል ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ የሚለያያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ደን የለበሰ ሸንተረር ነው። ውኃው ዳር ድረስ ወርዶ መሮጥ ግን አይገባም። የጫሞ አዞዎች ብዛት የታወቀ ነው፤ አካባቢውም የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው። ሐይቁን ከላይ እያዩ መሮጥ ደኅንነትም ውበትም አለው። የበለጠ የደፈረ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚያወጣውን መንገድ ይይዛል፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በ28 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያን ዳገት በአንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ቆርሶ መውጣት ነው የሚበጀው።

በኢትዮጵያ ሐይቅና ሩጫ ከተጣመሩባቸው ከተሞች ቀዳሚዋ ሀዋሳ ናት። በፍቅር ሐይቅ በኩል ያለው ዳርቻ ጠዋት ጠዋት ሯጭ አያጣም፤ የታቦር ተራራ ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ሆኖ ዳገት ለፈለገ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ተሳታፊዎች የተጀመረውና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ያሸነፈው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አዘጋጆች በሀዋሳም ግማሽ ማራቶን ያካሂዳሉ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅ ደግሞ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። የዙሪያው ጠርዝ ከፍተኛው ቦታ ከ3,300 ሜትር ስለሚበልጥ ለጎበዝ ሯጭም ፈተና ነው። ከአገር ውጭም ቢሆን የሐይቅ ዳር ሩጫ ከኢትዮጵያ ስም ጋር ተያይዟል፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ኦትሱ፣ በቢዋ ሐይቅ ዳር የተካሄደውን የማይኒቺ ማራቶን አሸንፏል።

ጂንካም እንዲህ ያለ የሩጫ ቀን ሊኖራት ይገባል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከል ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አውሮፕላን ያርፍባታል፤ የአሪ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ወርደው ነው። የአገሪቱን ታላላቅ ሯጮች ያፈራችው በቆጂ የጀመረችው ከዚህ በተለየ ሀብት አልነበረም፤ ዳገት፣ ልጆች፣ አሠልጣኝ። ጂንካ የሚጎድላት ሦስተኛው ነው፤ እንዲሁም ርቀቱ ተለክቶ ምልክት የተደረገበት መስመር።

መስመሩን የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ያስተውል። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በመጸው ወራት ይጥላል፤ ያኔ የአሪ መንገድ ጭቃው ጫማ ይይዛል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። ሁለተኛው ሰው ነው። መንገዱ በገበሬ ማሳና በሰው ደጃፍ ያልፋል፤ ልጆች አብረው ይሮጣሉ፤ እናቶች ከጓሮ ቀና ይላሉ። ቆም ብሎ እንደምን አደራችሁ ማለት፣ ሳይጠይቁ ካሜራ አለማንሳት፣ የአካባቢውን ወጣት መሪ አድርጎ ዋጋውን መክፈል የሩጫው አካል ነው። ውድድር የሚዘጋጅ ከሆነም ቅዳሜ መሆን የለበትም፤ ቅዳሜ የጂንካ ትልቁ ገበያ ነው፤ ከየተራራው እንሰትና ቡና ተሸክሞ የሚወርደው ሕዝብ መንገዱን ይፈልገዋል።