ሚዛኑና ኮምፒውተሩ አልግባባ ሲሉ

ሲሪያል ፖርት መረጃን ቢት በቢት እያከታተለ በአንድ ሽቦ የሚልክ፣ በሌላ ሽቦ የሚቀበል የኮምፒውተር በር ሲሆን፣ የሚመራበት አርኤስ-232 የተባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዩኤስቢ ከቤት ኮምፒውተር ቢያስወጣውም፣ ከቅየሳ መሣሪያና ከኤሌክትሮኒክ ሚዛን ጀርባ ግን ዛሬም አልጠፋም። ከሽንፋና ከመተማ ቆላ ማሳ የተነሣ ሰሊጥ፣ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ክብደቱ ሳይታወቅ ወደ መዝገብ አይገባምና፣ ሚዛን የሚያነበውን ቁጥር የሰው እጅ ሳይነካው ለኮምፒውተር የሚያደርሰው ይህን የመሰለው ያረጀ በር በቆላው ምድርም ትርጉም አለው።

ችግሩ የሚበረታው፣ ቁጥሩን የሚያነበው ፕሮግራም ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓት ተጽፎ ቢሮው ያለው ኮምፒውተር ግን በዊንዶውስ የሚሠራ ሲሆን ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ማስማሚያ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ሲግዊን፣ የዩኒክስን ጥያቄ ተቀብሎ ዊንዶውስ በሚገባው መንገድ ያቀርባል፤ ዩኒክስ መሣሪያን ሁሉ እንደ ፋይል ስለሚከፍት፣ ማስማሚያው ለእያንዳንዱ ፖርት የፋይል ስም ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ፖርቶቹን ከ1 ሲቆጥር ዩኒክስ ግን ከ0 ስለሚጀምር፣ ኮም1 የነበረው ቲቲዋይኤስ0፣ ኮም5 የነበረው ደግሞ ቲቲዋይኤስ4 ይሆናል። ከዩኒክስ ወገን የሆነውን ሊኑክስን የለመደ ባለሙያ የዩኤስቢ-ሲሪያል መቀየሪያ ሰክቶ ቲቲዋይዩኤስቢ0 የሚል ስም ቢፈልግ በሲግዊን አያገኘውም፤ እዚህ መቀየሪያውም የሚጠራው በዚያው በቲቲዋይኤስ ስም ነው። በአንድ ቁጥር መሳት ቀላል ስሕተት ቢመስልም፣ ሰው ማስማሚያውን ያለ ጥፋቱ እንዲኮንን ያደርጋል።

ስሙ ትክክል ሆኖ ፖርቱ አልከፈት ካለ፣ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞት እንደሆነ መታየት አለበት። ዊንዶውስ አንድን ፖርት በአንድ ጊዜ ለሁለት ስለማይሰጥ ሁለተኛውን «አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህም መልስ ባለሙያውን ፖርቱን የያዘውን ፕሮግራም ከመዝጋት ይልቅ የሌለ የፈቃድ ችግር ሲያሳድድ ያውለዋል።

ፖርቱ ተከፍቶ ምንም ካልተሰማ ምርመራው ከሽቦው ቢጀምር ይሻላል። ከዘጠኙ የፖርቱ እግሮች 2ኛው ተቀባይ፣ 3ኛው ላኪ፣ 5ኛው የጋራ መሬት ናቸው፤ 2ኛውንና 3ኛውን በአጭር ሽቦ አገናኝቶ (የወረቀት ማያያዣም ይበቃል) ከኮምፒውተሩ የተላከው ፊደል ተመልሶ ከመጣ፣ ኮምፒውተሩም ማስማሚያውም ነጻ ናቸው። በዚህ ፈተና ጊዜ ግን በሽቦ የሚደረገው የፍሰት ቁጥጥር፣ ማለትም ላኪው ከወዲያኛው ወገን «ላክ» የሚል ምልክት እስኪያገኝ የሚጠብቅበት ሥርዓት፣ ኤስቲቲዋይ በተባለው ትእዛዝ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ጤነኛው ፖርት የታመመ ይመስላል። ፈተናው ካለፈ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ ይዞራል፤ የአንዱ ላኪ ከሌላው ተቀባይ ጋር ካልተገጣጠመ ሁለቱም ይናገራሉ እንጂ አይሰማሙም። ሚዛኑ ከቢሮው ርቆ ከቆመም፣ ለዚህ ዓይነቱ ገመድ በተለምዶ የሚነገረው ወሰን 15 ሜትር ያህል መሆኑ መታወስ አለበት።

ዝምታው ተሰብሮ ትርጉም የሌለው ፊደል ከመጣ ግን ሽቦው ባብዛኛው ደኅና ነው፣ ያልተስማማው ፍጥነቱ ወይም የቢቱ አደራደር ነው። በ9600 ባውድ እያንዳንዱ ፊደል አንድ የመነሻ፣ ስምንት የመረጃና አንድ የመድረሻ ቢት ይዞ ሲጓዝ በሴኮንድ 960 ፊደል ይደርሳል፤ ሚዛኑ በ4800 እየላከ ኮምፒውተሩ በ9600 ቢያዳምጥ የሚያገኘው የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ቁጥሩ በትክክል እየደረሰ ፕሮግራሙ ዝም የሚልበትም ጊዜ አለ፤ ሚዛኑ መልእክቱን ወደ መስመር መነሻ በሚመልሰው ምልክት ብቻ ሲዘጋ፣ ፕሮግራሙ የአዲስ መስመር ምልክት ይጠብቃልና።

ሲግዊን ብቸኛው አማራጭ አይደለም፤ የማይክሮሶፍት የሊኑክስ ንዑስ ሥርዓት የመጀመሪያ ዕትምም የዊንዶውስን ፖርቶች በቀጥታ ይከፍት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ዕትም ግን በምናባዊ ማሽን ውስጥ ስለሚሠራ በራሱ አያያቸውም፤ ስለዚህ ሚዛን የተያያዘበት ኮምፒውተር ወደ ሁለተኛው ዕትም ከመሸጋገሩ በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።