ቸኮሌቱ ሞልቶ ሳለ ኮምፒውተሩ «የለም» ሲል

አንባቢ ሆይ፤ ወደ አንድ ፋብሪካ ገብተህ «ዛሬ በመጋዘን ስንት ኩንታል ስኳር አለ?» ብለህ ብትጠይቅና ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ቢሰጡህ አትደነቅ። መጋዘን ጠባቂው ቢን ካርዱን ያያል፤ ሒሳብ ሹሙ መዝገቡን ይገልጣል፤ ካቦው ደግሞ ጠዋት ያወጣውን በቃሉ ይነግርሃል። ሦስቱም አልዋሹም፤ መዝገባቸው ለየብቻ ስለ ሆነ ነው።

ኢ አር ፒ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሠራው ይህን የተበታተነ መዝገብ አንድ ለማድረግ ነው። የደንበኛ ትእዛዝ ሲገባ፣ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ይሰላል፤ የጎደለው ለግዥ ክፍል ይነገራል፤ ሒሳቡም እዚያው ይመዘገባል። የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ከሚሸጡት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ፣ ቀድሞ የአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የነበሩ አምስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመን አገር ያቋቋሙት ኤስ ኤ ፒ ነው።

እኔም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነገሩን በሥዕል አይቼ፣ ቀስቶቹ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲሄዱ ተመልክቼ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ በቀላሉ የሚያገኘው መስሎኝ ነበር። የአሜሪካው የኸርሺ ኩባንያ ታሪክ ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ።

ኸርሺ ዋና መሥሪያ ቤቱ በፔንሲልቫኒያ የሆነ ስመ ጥሩ የቸኮሌት አምራች ነው። ለአዲሱ አሠራር 112 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ሥራው 48 ወር እንደሚፈጅ ቢነገረውም፣ የ2000 ዓመት የኮምፒውተር ቀን ችግር ያሠጋ ነበርና በ30 ወር እንዲያልቅ ወሰነ። በኤፕሪል ሊጀመር የታሰበው ዘግይቶ፣ በጁላይ 1999 ከሦስት ኩባንያዎች የተገዙ ፕሮግራሞች በአንድነት ሥራ ጀመሩ። ይህም ሱቆች ለኦክቶበሩ ሃሎዊንና ለገና ከረሜላ የሚያዙበት፣ ጥድፊያ የበዛበት ወቅት ነበር።

ቸኮሌቱ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ከሱቆች አልደረሰም። በጊዜው ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ በተለይ ያስገርማል። ሥራ ሲበዛ ሠራተኞቹ የተረፈውን ካርቶን ባዶ ቦታ ባገኙበት ሁሉ የማኖር ልማድ ነበራቸው። እነዚህ ቦታዎች በአዲሱ ፕሮግራም ስላልተመዘገቡ፣ በዚያ የተከማቸው ሁሉ እንደሌለ ተቆጠረ! 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ትእዛዝ ሳይፈጸም ቀረ፤ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ትርፍም ካለፈው ዓመት 19 በመቶ ወረደ።

እነዚያን ቦታዎች ያውቁ የነበሩት ካርቶኑን የሚያነሡትና የሚጥሉት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር አንድ ሳምንት መዋል ከ112 ሚሊዮን ዶላር ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ወጪ ነበር?

ኸርሺ በ2002 ወደ አዲሱ የኤስ ኤ ፒ እትም ሲሸጋገር ግን አስቀድሞ ደጋግሞ ፈተነ፤ በ11 ወርም ጨረሰ፤ ከተመደበውም ገንዘብ ተረፈው።

ስለዚህ ይህን ፕሮግራም ለመግዛት የሚያስብ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ቢያማክረኝ፣ (በእኔ ዕድሜ ያለውን ማን ያማክራል!) በመጀመሪያ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት መጋዘኑን ዘግቶ ያስቈጥር እለዋለሁ። መጋዘን ጠባቂው፣ ካቦውና ሒሳብ ሹሙ በአንድነት ቆመው ይቍጠሩ። ቍጥራቸው ካልገጠመ የመጀመሪያውን ቀን ወደ ፊት ይግፋው፤ ሻጮቹ ቢያጕረመርሙም ይታገሡ።