የክራርና የትዝታ ሸክላዎች

የክራርና የትዝታ ሸክላዎች የሚባሉት በክራር አጨዋወትና በትዝታ ቅኝት ላይ የተመሠረቱ፣ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለገበያ የቀረቡ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዲስኮች ናቸው። በዚያው ዘመን የታተሙት የነሐስ መሣሪያና የጃዝ ቅንብር ያላቸው ሸክላዎች በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ ቶሎ ሲታወቁ፣ የክራር ተጫዋቾቹ ሥራ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከእነዚህ ተጫዋቾች መካከል አስናቀች ወርቁ ዋነኛዋ ናት። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸክላ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የተሠሩት ዲስኮች በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩና ሼላክ ከተባለ ሙጫ መሰል ነገር የሚዘጋጁ ነበሩ። ከእጅ ሲወድቁ እንደ ገል ይሰባበራሉ፤ የአማርኛው ስም ከዚህ ጋር መስማማቱ አይካድም። በኋላ የመጣው ዲስክ ከፕላስቲክ ስለሚሠራ እምብዛም አይሰበርም፤ ስሙ ግን ሸክላ እንደተባለ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ በብዛት የተሸጠው ባለ 45 ዙሩ ትንሹ ሸክላ ነው። ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ፊት የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ባለ 33 ዙሩ ትልቁ ሸክላ በአንድ ፊት 20 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአዝማሪ ቤት ትዝታ እንደ አድማጩ ስሜት ሲረዝም ያመሻል፤ በትንሹ ሸክላ ላይ ግን ዘፋኙ መግቢያውን አሳጥሮ፣ ግጥሙን መርጦ መጨረስ ነበረበት። ጌታቸው ካሳ የሚታወቀው ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በፈጣን ምት በመጫወቱ ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንዱ ዜማ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይረዳል።

ትዝታና ብሉዝ

ትዝታ የስሜት፣ የዘፈንና የቅኝት ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን በአምስት ድምፆች ይመሠረታል። የውጭ ጸሐፊዎች «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ይሉታል፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሕትመትም 10ኛ ቅጹን ለትዝታ ሲያውል ይህንኑ ስም ተጠቅሟል።

ንጽጽሩ ግማሽ እውነት አለው። ብሉዝም ትዝታም የማንም ያልሆነ የጋራ ቅርጽ አላቸው፤ ዘፋኝ ሁሉ የራሱን ግጥም ያስገባበታል፣ የሄደ ሰውና ያለፈ ዘመንም በሁለቱም ይዘፈናል። በአሠራር ግን ይለያያሉ። የአሜሪካው ብሉዝ ብዙውን ጊዜ በ12 ምት ቤቶች ውስጥ በታወቀ ሥርዓት በሚለዋወጡ ኅብረ ድምፆች ይሄዳል። ትዝታ እንዲህ ዓይነት መሰላል የለውም፤ ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ክሩ ክራር ዘፋኙን እየተከተለ ዜማውን ያስጌጣል እንጂ አያጅበውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ብሉዝ» የሚለው ቃል እንደ ምልክት ቢያገለግል ጥሩ ነው፤ እንደ ትርጉም ከተወሰደ ግን ያሳስታል።

የሕትመቱ ታሪክ

የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው በነበረበት ጊዜ በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ግን የሀገር ውስጥ ሕትመት ለረጅም ጊዜ አልተስፋፋም። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር።

ይህን የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚሆኑ ትልልቆችን አወጣ። ፊሊፕስና «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው የአሊ አብደላ ኬይፋ ድርጅትም በዚሁ ሥራ ተሰማርተው ነበር። የዘርፉን ታሪክ ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1969 እስከ 1978 የታተሙትን ትንንሽ ሸክላዎች ወደ 500፣ ትልልቆቹን ወደ 30 ይገምታቸዋል።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። አንድ ሰው በትዕግሥት ቢሰበስብ በአንድ መደርደሪያ ሊያኖረው የሚችል የአንድ ሀገር የአሥር ዓመት ድምፅ ነው። ከደርግ መምጣት በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶችን አዳከመ፤ አምሃ በ1975 ተሰደደ፤ ካሴትም በርካሽ ዋጋውና በቀላሉ በመባዛቱ ሸክላውን ከገበያ አስወጣው።

አስናቀች ወርቁ

አስናቀች በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ከታዩ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ስትሆን ክራር ተጫዋች፣ ዘፋኝና ተወዛዋዥም ነበረች። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት በተዋናይነቷ ነው፤ በሙዚቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዘግይታ የታወቀችበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል። ሌላው ምክንያት ግጥሟ ነው። የክራር ዘፈን ግማሹ ቃል ነውና ቅኔውን የማያውቅ የውጭ አድማጭ ከሳክስፎን ይልቅ ከእርሷ ብዙ ያመልጠዋል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቀረጸው ሥራዋ ከሌሎቹ ለየት ያለ ነው። ክራሯን በኦርጋን ያጀባት ኃይሉ መርጊያ ሲሆን ከበሮውን የመታው ተማረ ሐረጉ ነው፤ ሁለቱም የዋሊያስ ባንድ አባላት ነበሩ። በ2003 «ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጹን ለእርሷ ብቻ ሰጠ። በ2011 አረፈች። ከእረፍቷ በኋላ በ2013 ስለ ሕይወቷ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ በ2018 ደግሞ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከኃይሉ ጋር የሠራችውን በሸክላ ዳግም አሳተመው። ዛሬ አዲስ ሰብሳቢ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊያገኘው የሚችለው ይህን ዳግም ሕትመት ነው።

ካዛንቺስና ቂርቆስ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው፤ ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ምኅጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር፣ «ካዜ» ደግሞ ቤቶች ማለት ነው። ሠፈሩ ለሸክላው ታሪክ ባዳ አይደለም። ዋሊያስ ባንድ ለዓመታት የተጫወተው በአቅራቢያው ባለው በሒልተን ሆቴል ነው። የአስናቀችን ክራር ያጀበው ኦርጋን ከሆቴል አዳራሽ የመጣ ድምፅ ነው ማለት ነው፤ ክራሩ ደግሞ ከአዝማሪ ቤት ወግ ጋር ይዛመዳል። በኋለኞቹ ዓመታት ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ከሁሉም ዝነኛው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ይህ ሸክላን በቀጥታ ይነካል። አሮጌ ሸክላ የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ መጻሕፍት ሳይሆን በቤተሰብ ቁም ሣጥንና ቆጥ ላይ ነው። ቤት በጥድፊያ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጣለው ማጫወቻ የሌለው ዲስክ ነው። ባለቤቱ ሲያልፍም ልጆቹ ምንነቱን ስለማያውቁ ለቆራሌው ሊሰጡት ይችላሉ። የተረፈውንም ጥሩ ገንዘብ የሚከፍል የውጭ ሰብሳቢ ይዞት ይሄዳል። ዲስኩ በውጭ ሀገር በደንብ ይያዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ግጥሙን ሊያብራራ ከሚችል ሰው ርቋል።

ለመሰብሰብ የሚረዱ ነጥቦች

ሸክላው የማን እንደሆነ የሚለየው በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ነው። የአምሃ ሕትመቶች «ኤ ኢ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና በቁጥር ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ የሕትመቱን ቅደም ተከተል ለመገመት ያግዛል። የዘፋኙ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሸክላ ሸክላ ስለሚለያይ በስም ብቻ መፈለግ አያዋጣም። በመዝገብ የአማርኛውን ርእስ፣ ቁጥሩንና የሁለቱንም ፊት ዘፈን አብሮ መጻፍ ይሻላል። ከማን ቤት እንደተገኘም መጻፍ ጥሩ ነው፤ ይህ ከዋጋው በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ሸክላ በቁሙ ይቀመጣል። ተጋድሞ ከተደራረበ ይጎብጣል፤ ከፀሐይና ከሙቀትም መራቅ አለበት። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ በጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ መርፌው ሲያልፍ እንደ አሸዋ ስለሚፈጨው ከማጫወት በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሳይነካ በተጣራ ውኃ ማጠብ ይቻላል። አልኮል ግን የ78 ዙሩን ሼላክ ስለሚያሟሟው ፈጽሞ አይጠጋም። የ78 ዙር ዲስክ ጭረቱ ሰፊ ስለሆነ የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል። በኮምፒውተር ለመገልበጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሳያስተካክል፣ ከነጭርጭርታው መቅዳት ይገባዋል፤ የጸዳው ቅጂ ለብቻው ይቀመጣል። ቅጂውን ለሽያጭ ማውጣት ግን የሰብሳቢው መብት አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከያኒውም ለአሳታሚውም ጥበቃ ያደርጋል።