ልምጭ፤ የሎሚ የዱር ዘመድ

ልምጭ ሲባል ለተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው እግር ላይ የሚያርፈው ቀጭን እርጥብ አርጩሜ ነው። ለመምህርም ያው ነው። ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ አንድ የደን ዛፍ አለ። ብዙ ሰው ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በርሱ ይፍቃል፤ የዛፉን መልክ ግን አያውቅም። ለአንባቢያን ዛሬ ላስተዋውቅ ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

ልምጭ ከሎሚ፣ ከብርቱካን፣ ከትርንጎ፣ እንዲሁም ቡና ውስጥ ከምንነክረው ከጤና አዳም ጋር ዘሩ አንድ ነው። ዝምድናውን ለማረጋገጥ የዕፅዋት ሊቅ መሆን አያሻም። ቅጠሉን ቆርጠው ወደ ፀሐይ ቢያነሡት፣ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል ብርሃን የሚያስተላልፉ ነጥቦች ያያሉ። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። የብርቱካን ልጣጭ ሲታጠፍ ፊጭ ብሎ ዐይን የሚያቃጥለውም ከእንዲህ ያለው ከረጢት የሚወጣ ዘይት ነው። የልምጭን ቅጠል በጣትዎ ቢያሹት የሚሸትዎ እንስላልን የሚመስል ነው። የሳይንስ ስሙም፣ «ክላውሴና አኒሳታ» የሚለው፣ የተሰጠው ስለዚሁ ሽታ ነው። ሆኖም ዘይቱ በየአገሩ ስለሚለያይ ሽታው ሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም።

ዛፉ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይሆናል፤ ቢረዝም 10 ሜትር ቢደርስ ነው። አበባው ነጣ ያለና ደቃቅ፣ ፍሬውም ከአተር የማይበልጥ ሆኖ ቀልቶ ሲበስል ይጠቁራል። አገሩ ሰፊ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጊኒ አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። በኦሮምኛ ኡልማይ ይባላል።

ይህን የምጽፈው ከኢታንግ ነው። ኢታንግ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሞቃት ሜዳ ስለ ሆነ፣ የእርጥብ ደን ጥላ ለሚወደው ለልምጭ አይመቸውም። ታዲያ ስለ ልምጭ ከኢታንግ መጻፍ ምን አመጣው? ያመጣው ባሮ ነው። በደጃችን የሚያልፈው ውሃ የሚወርደው ከኢሉባቦር ደጋ ነው፤ ልምጭም የሚበቅለው በዚያ ደን ውስጥ፣ ከቡና ጋር በአንድ ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከተደረገው ስምምነት በኋላ ጋምቤላ ወደብ ሆና ሳለች፣ የጎሬ ቡና በክረምት በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በኢታንግ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ቡናው ብዙ ተጽፎለታል፤ ጎረቤቱን ልምጭን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

እንዲያውም ጉርብትናው ጎድቶታል። የደን ቡና ያለው ገበሬ ምርቱ እንዲበዛለት ረጃጅሞቹን ዛፎች ለጥላ ይተውና፣ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦና ትንንሽ ዛፍ ይመነጥራል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ኑሮው ቡና ነው። ነገር ግን ከውጭ ሲያዩት ደን የሚመስል ቦታ፣ ውስጡ ሲገቡ ከቡና በቀር ቁጥቋጦ የሌለበት ሆኖ ይገኛል። የያዩና የከፋ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ በእኛው ክልል ያለው የማጃንግ ደን ደግሞ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብለው ሲመዘገቡ፣ ይጠበቃል የተባለው ትልልቁ ግንድ ብቻ አልነበረም።

ስለ ጥቅሙ ብዙ ይባላል። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ቅጠሉን አጭሰው ትንኝ ያባርሩበታል። ወባ በጠናበት በጋምቤላ ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ ይሁን እንጂ ጭሱ አጎበርን አይተካም። ጢሱ ሲበተን ትንኟ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ልምጭ ለብርቱካን ዘመድ መሆኑ መዘዝ አለው። «ትሪዮዛ ኤሪትሬዬ» የምትባል፣ ርዝመቷ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች፣ ስሟን ከኤርትራ ያገኘች ባለ ክንፍ ተባይ አለች። ይህች ተባይ በልምጭም በብርቱካንም ላይ ትራባለች። የብርቱካንን ጭማቂ ስትመጥም ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታዛምተው በሽታ አለ። በሽታው የያዘው ዛፍ ቅጠሉ ይወይባል፤ ፍሬው ያንሳል፣ ይንጋደዳል፣ ይመራል። መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የዚሁ በሽታ የእስያው ዓይነት ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ብርቱካን ላይ መገኘቱ ተጻፈ። በ2019 ደግሞ ይህችው ተባይ ባክቴሪያውን ተሸክማ በአገራችን መገኘቷ ታወቀ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ልምጭን እንጨርሰው!» ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። በሽታው ሩቅ የሚጓዘው በታመመ ችግኝ ጭምር ነው፤ ችግኙን በመኪና የሚያመላልሰው ደግሞ ሰው እንጂ ልምጭ አይደለም። ደግሞም ተባይዋ ሙቀትና ድርቀት አትችልም፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ደረቅ አየር እንቁላሏና ጫጩቷ ይሞታሉ። ስለዚህ የምትፈራው ቀዝቀዝ ባለው ደጋና ወይና ደጋ እንጂ እንደ ኢታንግ ባለ ቆላ አይደለም። በደጋ የብርቱካን ችግኝ የሚያፈላ ሰው መደቡን ከልምጭ ርቆ ቢያበጅ፣ ከየትም የመጣ ችግኝም ሳይመረምር ባይገዛ ይበጀዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ለጋውን ቅጠል ገልብጦ ከሥሩ ማየት ነው። የተባይዋ ጫጩቶች የተቀመጡበት ቦታ ከታች ይጎደጉዳል፣ ከላይ እንደ ብጉር ያብጣል። እንዲህ ያለ ችግኝ ያየ ሰው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ፤ ለአካባቢው የግብርና ባለሙያም ያሳይ።