ስለ በለስ ችግኝ፤ ወገኑ በምን ይታወቃል

ሉቃስ በምዕራፍ 13 ከቍጥር 6 እስከ 9፥ ባለቤቱ 3 ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት በለስ ይናገራል። የምሳሌውን ምስጢር ለማግኘት አስቀድሞ የዛፊቱን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

ሐተታ፤ በለስ ብዙ ዘመዶች አሏት። በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው የሚታወቁት ዋርካና ሾላ ከዘመዶቿ ናቸው። ዘኬዎስ የወጣባት፥ በግዕዝ ሰግላ የምትባለውም ከሾላ ወገን ናት እንጂ በለስ አይደለችም። በትግራይ በለስ የሚሉት እሾኻም ቍልቋል ግን ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነውና በጌታ ዘመን በይሁዳ አልነበረም፤ የመጽሐፍ በለስ እርሱ አይደለም።

እንግዲህ በጓሮ የበቀለ ችግኝ በምን ይለያል ቢሉ፤ ቅጠሉን ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት ቢወጣው ይህ አይበቃም፤ ወተቱ ለዘመዶቹ ሁሉ አንድ ነውና። የበለስ ቅጠል እንደ እጅ ጣት 3 ወይም 5 ኾኖ ይከፈላል፥ ሲዳስሱትም ይሻክራል። የሾላና የዋርካ ቅጠል ግን አይከፈልም። ነገር ግን ከዘር የበቀለች ጨቅላ በለስ በመዠመሪያ ያልተከፈለ ቅጠል ታወጣለች፤ በአንዲት ዛፍም ላይ የተከፈለና ያልተከፈለ ቅጠል ይገኛል። ስለዚህ በቅጠል ብቻ የሚፈርድ ይስታል። ፍሬው ሲመጣ ግን ይገለጣል፤ ሾላ በግንዱና ባረጀ ቅርንጫፉ ላይ በዘለላ ያፈራል፥ በለስ ግን በቅጠሏ ብብት አንድ አንድ እያለች ታፈራለች።

በለስ መኾኗ ከታወቀ በኋላ የትኛዪቱ ዐይነት ናት ቢሉ፤ የተተከለችበትን መንገድ መጠየቅ ነው። ከእናቲቱ ቅርንጫፍ ተቈርጣ የተተከለች እንደ ኾነ የእናቷን ፍሬ ትሰጣለች፤ የእናቷ ስም ስሟ ነው። ከዘር የበቀለች እንደ ኾነ ግን እናቷን አትመስልም፤ ከዘር ከሚበቅሉትም እኩሌታ የሚያኽሉት ወንዴ ኾነው ለመብል የማይመች ፍሬ ያወጣሉ። የቈረጧት ከ2 እስከ 3 ዓመት ታፈራለች፤ የዘሯ ግን ከዚያ ትዘገያለች። ፍሬዋ በበሰለ ጊዜ የልጡን መልክ፥ የውስጡን ቀለም፥ በጫፉ ያለውን የዐይኑን ስፋት አይቶ ዐይነቷን መለየት ይቻላል።

ምስጢር፤ አትክልተኛው ጌታውን አንድ ዓመት ጨምርላት፥ ዙሪያዋን ልቈፍር፥ ፍግም ላኑርላት ብሎ መለመኑ ለዛፊቱ በማዳላት አይደለም፤ ጠባይዋን ዐውቆ ነው። አንድም፤ ቀኑን መለመኑ ያለ ሥራ አይደለም፤ መቈፈሩንና ፍጉን በራሱ ላይ ወስዷል። አንድም፤ ዳኛ ከምስክር በፊት እንዳይፈርድ፥ መምህርም ደቀ መዝሙሩን ገና በፊደል ሳለ ሰነፍ ነው ብሎ እንዳይሰደው ያስተምራል። የተቈረጠ ዛፍ ወገኑ ቢታወቅ አይጠቅምምና።